የአባቴ ጠመንጃ ስፒና

አባቴ እኔ የምሠራበት ሱቅ አይመጣም ነበር። እሱ ጎጃም በረንዳ የቅባት እህል መጋዘን ዘበኛ ነው፣ እኔ ደግሞ ሶማሌ ተራ የእጅ መሣሪያና የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። በመካከላችን ያለው መንገድ፣ ግፊያውን ለቻለ ሰው፣ ሩቅ አይደለም። ግን «ልጅ ከምትሠራበት ደጃፍ አባት ሲንጎራደድ አያምርም» የሚል የራሱ ሕግ ነበረው። ስለዚህ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከተሸካሚዎቹ ጀርባ ብቅ ብሎ፣ ቀኝ እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ እንደከተተ ባንኮኒው ፊት ሲቆም ደነገጥኩ።

«ማን ሞተ?» አልኩት።

«መጀመሪያ ደህና ዋልክ ይባላል» አለኝ። «ስፒና ማውጫ አላችሁ?»

ስፒና ሁለት ብረት አያይዛ የምትይዝ ቀጭን ድፍን ብረት ናት። ማውጫው ደግሞ እሷን በመዶሻ እየመቱ ከቀዳዳዋ የሚገፉበት፣ እርሳስ የሚያህል፣ ጫፉ ደልዳላ ዘንግ ነው። መካኒኮች ሁልጊዜ ይገዙናል። አባቴ ግን መኪና የለውም። በእጁ ያለው ጠመንጃ ብቻ ነው፣ እሱም የመጋዘኑ እንጂ የእሱ አይደለም።

«ለምንህ ነው?»

ኪሱ ውስጥ የነበረውን እጁን ሳያወጣ በግራ እጁ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ስፈታው የጠመንጃው መዝጊያ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ ከኋላው ጥርቅም አድርጎ የሚይዘው፣ አውራ ጣት የሚያህል ብረት ማለት ነው። በዚህ ብረት ሆድ ውስጥ የጥይቱን ቂጥ ወግቶ የሚያስተኩሰው ቀጭን ዘንግ አለ፣ መርፌ ይሉታል። መርፌው እንዳይወጣ የምትይዘው ደግሞ በአግድም የገባች አንዲት ትንሽ ስፒና ናት። የአባቴ ስፒና ግማሽ መንገድ ላይ ቀርታለች። ጫፏ እንደ ሚስማር ራስ ተደፍጥጧል፣ ዙሪያዋ ያለው ብረት ተቧጥጧል፣ አንዱ ምት ጭራሽ ቀዳዳውን ስቶ ጎን ላይ ነው ያረፈው።

«ማነው እንዲህ ያደረጋት?»

«እኔ ነኛ።»

«በምን?»

«በቡሊኖ።»

ቡሊኖ ብረት ከመበሳቱ በፊት ነጥብ የሚያደርጉበት ሹል መምቻ ነው። ስፒና በሹል ነገር ከተመታች ጫፏ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ቀዳዳዋን ይነክሳል፣ በመቱት ቁጥር እየጠበቀ ይሄዳል። ይህን ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። ለዚህ ነው የተናደድኩት። ሌላው ሰው ሲሳሳት እስቃለሁ፣ አባቴ በብረት ጉዳይ ሲሳሳት ግን መሬቱ የከዳኝ ያህል ተሰማኝ።

«አባዬ፣ ይህን የሠራኸው አንተ ነህ ወይስ የሰፈር ጎረምሳ?»

«ካለሽ ስጪኝ፣ ከሌለሽ የለም በዪኝ» አለና ወደ መንገዱ ዞረ። «ሰኞ ምርመራ አለ።»

ምርመራው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የአካባቢው ፖሊስ በየመጋዘኑ እየዞረ ፈቃድ ያላቸውን መሣሪያዎች ያያል፣ ቁጥሩን ከፈቃዱ ጋር ያመሳክራል፣ ንጽሕናውን ይመለከታል። በፊት የለበጣ ነገር ነበር። አሁን ግን የመጋዘኑ ሽማግሌ ባለቤት ቤት ውሎ ሥራውን ልጁ ይዞታል። ልጁ ደግሞ መሣሪያው ጉድለት የተገኘበትን ዘበኛ አሰናብቶ ከጥበቃ ድርጅት ዩኒፎርም የለበሱ ወጣቶች እንደሚያመጣ ከተናገረ ሰንብቷል። ዙሪያው ሁሉ እየፈረሰ ፎቅ የሚተከልበት ጊዜ ነበር፣ እሱም ሁሉን ነገር አዲስ ማድረግ አምሮታል። ከድሮዎቹ ዘበኞች የቀረው አባቴ ብቻ ነው።

አባቴ አዲሱ መንግሥት ከመግባቱ በፊት በነበረው ሠራዊት ውስጥ የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ ነበር። ወታደርነቱን የጨረሰው ሌሎች የተኮሱበትን ሲፈታ፣ ሲያጥብና ሲገጥም ነው። ሠራዊቱ ሲበተን እሱም ተበተነ። አንድ ክረምት ሙሉ ቤት ተቀመጠ። ጢሙን አይላጭም፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፣ እናቴ ምሳ ስታቀርብለት «በልቻለሁ» ይላል። የት እንደበላ እግዜር ይወቅ። ኋላ የመጋዘኑ ባለቤት «ጠመንጃ የሚያውቅ ሰው ነው የምፈልገው» ብሎ ሲወስደው፣ በማግስቱ ተላጭቶ፣ ጫማውን ቦርሾ፣ እያፏጨ ወጣ። እናቴ ካረፈች በኋላም ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሣው ያ በር ነበር። ደመወዙ ቢቀር እኔ አበላዋለሁ። በሩ ቢቀር ግን ምን እንደምሰጠው አላውቅም። ሐሙስ ዕለት ባንኮኒው ላይ ያችን የተደፈጠጠች ስፒና ሳይ የታየኝ ያ ግድግዳ ነው።

እንግዲህ ፍለጋው ተጀመረ። እኔ በተፈጥሮዬ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ፣ በሰፈሩ «ወንበር ይወጋታል» ነው የሚሉኝ። የዚያን ቀን ደግሞ ብሶብኝ ነበር። ከመደርደሪያው ላይ ያለንን ስፒና ማውጫ ሁሉ አውርጄ ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኩት። በላስቲክ የታሸገ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከውጭ የመጣ ዕቃ ነው። አባቴ አንዱን አነሣና በመስተዋቱ ላይ አንከባለለው። እየተወላገደ ሄደ።

«ሰክሯል» አለ። ሌላ አነሣ። «ይኼም ከሱ ጋር ነው የጠጣው።»

ሦስተኛው ቀጥ ብሎ ተንከባለለ፣ ግን ወፍራም ነው። የመሰርሰሪያ ጫፎች አምጥቼ በስፒናዋ ቀዳዳ ልኩን ወሰድኩ። ማውጫው ከስፒናዋ በጥቂቱ መቅጠን አለበት። እኩል ከሆነ ቀዳዳው ውስጥ ራሱ ይቀረቀራል፣ በጣም ከቀጠነ ደግሞ ይጎብጣል ወይም ተንሸራቶ ብረቱን ይቧጥጣል። ልኩ የሆነ አንድ አገኘሁና ጫፉን በሞረድ ሞከርኩት። እንደ ሳሙና ተላጠ። እንዲህ ያለውን ለስንቱ መካኒክ እንደሸጥኩ ሳስብ አፈርኩ፣ ግን ለማፈርም ጊዜ አልነበረኝም።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» አለ አባቴ፣ በመሣሪያ የተሞላውን መደርደሪያ እያየ። መዝጊያውን በመሐረቡ ጠቅልሎ በግራ እጁ ኪሱ ከተተና ሄደ። የቀኝ እጁ ነገር የከነከነኝ ከሄደ በኋላ ነው። ብርድ አልነበረም።

አርብ ጠዋት አለቃዬ ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ዕቃ ስሰጥ አየኝና «ሂጂ፣ ዛሬ እዚህ ብትቆሚም አትረቢኝም» አለኝ። ምርቃት ነው ብዬ ተቀበልኩት። ወደ ምናለሽ ተራ በረርኩ። እዚያ የሰው ልጅ የጣለው ብረት ሁሉ እንደገና ይወለዳል። በርሜሉ ምጣድ ይሆናል፣ የመኪና ባሌስትራው ቢላ ይሆናል፣ ጎማው ጫማ ይሆናል። ከኋላዬ ተሸካሚ «ጠጋ! ጠጋ!» እያለ ይገፋኛል፣ ከፊቴ ጋሪ መንገዱን ዘግቷል፣ እኔ ደግሞ በሁለቱ መካከል በክርኔ መንገድ እየከፈትኩ ከአንድ ሰው ጋር ተሰዳድቤ፣ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ታርቄ ደረስኩ።

ከአሮጌ የሞተር ቫልቭ መምቻ የሚሠራ ሰው አውቃለሁ። የቫልቩ ዘንግ ጥሩ ብረት ነው፣ ሞተር ውስጥ እሳት የለመደ። የምፈልገውን ነገርኩት። ቫልቭ መረጠ፣ ቆረጠ፣ ድንጋዩ ላይ ሳለ፣ ብልጭታው ልብሴ ላይ እየረገፈ ቆሜ ጠበቅኩት። ሲሰጠኝ ጫፉ እንደ መርፌ ሹል ነው።

«ጋሼ፣ ደልዳላ ነው ያልኩዎት።»

«ሹል ያልሆነ መምቻ ማን ይገዛል?»

«እኔ እገዛለሁ።»

«ታዲያ ደነዝ ነው የምትፈልጊው?»

«አዎ፣ ደነዝ።»

አንገቱን ነቀነቀ። መርካቶ ውስጥ ደነዝ ነገር ጠይቆ የሚመጣ ሰው ብርቅ ነው። የሚሸጥ መሣሪያ ሹል መሆን አለበት፣ ሹል ካልሆነ ገዢ ሥራው ያላለቀ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ሁሉም ይሾላል። እንደገና ቆረጠው፣ እንደገና ሳለው። ከዚያ በእሳት አግሎ ቀጥታ ውሃ ባልዲ ውስጥ ሊከተው ሲል ክንዱን ያዝኩት። ውሃ ብረቱን እንደ ብርጭቆ ያደርገዋል፣ መዶሻ ሲያርፍበት ይሰበራል፣ ስባሪው ደግሞ የሚፈልገው ዓይን ነው። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ከተተው። ሁለት አሠራሁት። አንዱ አጭርና ወፍራም ወገብ ያለው፣ ስፒናዋን መጀመሪያ ከቦታዋ የሚያናውጣት። አንዱ ረጅምና ቀጭን፣ ከተነቃነቀች በኋላ እስከ መጨረሻው የሚገፋት። ብዙ ሰው በረጅሙ ይጀምርና ያጎብጠዋል። ከጎኑ ካለው ክምር ደግሞ የአሮጌ ቧንቧ የናስ ዘንግ መረጥኩ። ናስ ከብረት ይለሰልሳል፣ ስፒናዋ ስትመለስ ያለ ጠባሳ የምትመታው በእሱ ነው።

ቅዳሜ ቤት ውስጥ የመጨረሻው ሙከራ ሆነ። የአባቴ መሞከሪያ የልብስ ሳሙና ነበር። የማውጫውን ጫፍ ሳሙናው ላይ ቀጥ አድርጎ ይጫነዋል፣ የሚቀረውን ክብ ምልክት መነጽሩን አድርጎ ያየዋል። «ጨረቃ» ይለዋል። ጨረቃዋ ሙሉ ከሆነች ጫፉ ደልዳላ ነው። አንዱ ጎን ከጎደለች ማውጫው ያንሸራትታል።

«ጨረቃዋ ጎደሎ ናት» አለኝ።

ሞረድኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ ተጫንኩ። «አሁንም።» ሞረድኩ። እየተነሣሁ በሩን እከፍታለሁ፣ እዘጋዋለሁ፣ ተመልሼ እሞርዳለሁ። እሱ ተረጋግቶ ሻዩን ይጠጣል። በግራ እጁ ነው የሚጠጣው። ቀኙ ጭኑ ሥር ነው። ላየው እንደማልፈልግ ሆኜ አየሁት፣ በጭኑ ተጭኖትም ይንቀጠቀጣል። እኔ አፌ ላይ የመጣውን የማልውጥ ሰው ነኝ፣ ጎረቤት ይመስክር። ያን ግን ዋጥኩት። ፈራሁ። የተናገርኩት ቀን እውነት ይሆናል ብዬ ነው የፈራሁት።

«አሁን ሞላች» አለ፣ ሳሙናውን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ።

እሑድ ከሰዓት መጋዘኑ ዝግ ነው። ከበሩ ጎን ያለችው የዘበኛ ቤት አንድ አግዳሚ፣ አንድ የእንጨት ሣጥንና ኑግ ኑግ የሚል ሽታ አላት። አባቴ ሣጥኑን ከፍቶ ጠመንጃውን አወጣ። ከሐሙስ ጀምሮ እዚያ ቆልፎት፣ ከጋቢው ሥር ዱላ ሸጉጦ ጠመንጃ የያዘ እያስመሰለ ነበር የሚጠብቀው። በሌላ ጊዜ ብሰማው እስቅ ነበር።

የጥይት ካዝናውን ነቅሎ አግዳሚው ላይ አኖረ፣ ጥይቶቹን ከክፍሉ ውጭ አስቀመጠ። መዝጊያው በእጃችን ሆኖ እንኳ ጥይት የሚጎርስበት ውስጥ ጣቴን እንድከት አዘዘኝ።

«ባዶ ነው፣ አይቼዋለሁ» አልኩት።

«ዓይን ያታልላል። ባዶ የሚባለው በጣት ሲነካ ነው።»

ነካሁት፣ ባዶ ነው። ከዚያ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ግንድ አቀረበ። መዝጊያውን በእንጨቱ ላይ፣ ስፒናዋ የምትወድቅበት ቦታ ከቀዳዳው ትይዩ እንዲሆን አድርጎ አስቀመጠ። ስፒናዋ በአንድ በኩል ገብታ በዚያው ተመልሳ የምትወጣ ዓይነት ናት፣ በተሳሳተው በኩል የመታት ሰው ይበልጥ ያስገባታል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ነጭ ጋዝ ሲያጠጣት ስለሰነበተ ዙሪያዋ ረጥቧል። የተደፈጠጠውን ጫፏን በቀጭን ሞረድ እንዳስተካክል ነገረኝ፣ አስተካከልኩ። ከዚያ አጭሩን ማውጫ በግራ፣ መዶሻውን በቀኝ እጁ ያዘ።

ከወራት ወዲህ ያን እጅ እንዲህ በግልጽ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። መዶሻው አየር ላይ ይርገበገባል። አባቴ ትንፋሹን ያዘ፣ ክንዱን ጎኑ ላይ ለጥፎ ሊያረጋጋው ሞከረ፣ መታ። መዶሻው የማውጫውን ጠርዝ ጨርፎ እንጨቱ ላይ አረፈ። እንደገና አነሣ። አልመታም። እጁን ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየና መዶሻውን ወደ እኔ ዘረጋው።

«አንቺ ምቺ።»

ተቀበልኩት። እኔ ጣት ላይ የተሰካ እሾህ እንኳ ሲነቀል መታገሥ አልችልም፣ ወዲያው ልመታ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«ቀጥ አድርጊው። ጫፉ ስፒናዋ ላይ ሙሉ ለሙሉ ይቀመጥ። አሥር ጊዜ አታንኳኪ፣ አንድ ጊዜ ምቺ። ማንኳኳት ይደፈጥጣታል።»

መታሁ። አልተነቃነቀችም። «ያው ክንድ፣ ትንሽ ጨምሪ» አለ። መታሁ። ድምፁ ተለወጠ፣ ሁለታችንም ሰማነው። ብረት ሲይዝና ሲለቅ ድምፁ አንድ አይደለም። አጭሩን አስቀምጬ ረጅሙን አነሣሁ፣ ገፋሁ፣ ስፒናዋ በቀዳዳው ወርዳ መሬቱ ላይ ተንከባለለች። እግሬ ሥር ሳያት እንባዬ መጣ። ሰኞ ዳነ አልኩ በልቤ።

መርፌው ተንሸራቶ መዳፌ ላይ ወደቀ። ጥላሸት የጠገበ፣ ቀጭን፣ ቀላል ነገር ነው። በጋዝ አጠብኩት። የመዝጊያውን ሆድ በጨርቅ ጠራረግኩ፣ አፈሙዙን በመወልወያው ዘንግ ወለወልኩ፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። ዘይቱን ስቀባ «በጣም ቀጭን፣ የሚታይ ዘይት አቧራ ይጠራል» አለኝ። ሁሉ ነገር ሲያበቃ መርፌውን ወደ ቦታው ልመልስ መዝጊያውን አነሣሁ።

«እሱን አትመልሺው» አለ አባቴ።

«ምኑን?»

«መርፌውን። ስፒናዋን ብቻ መልሺ።»

ያለ መርፌ ጠመንጃ አይተኩስም። ቀና ብዬ አየሁት። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ ቀኙን ይዟል።

«ባለፈው ሳምንት» አለ፣ «ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ያ ጋሪውን ግድግዳችን ሥር የሚያሳድረው ተሸካሚ መጣ። ኮቴ ስሰማ ጠመንጃውን አነሣሁ። ልማድ ነው። ጥይት ጎርሷል፣ ጣቴ ምላጩ ላይ ናት። ከዚያ እጄ ጀመራት። ተዪ አልኳት፣ እምቢ አለች። የገዛ ጣቴ ናት፣ አልሰማችኝም። ሰውየው ለካ ቆሎ ይዞልኝ ነው የመጣው።»

«ተኮስክ?»

«አልተኮሰም። እኔ ነኝ ያልተኮስኩት ማለት ግን አልችልም።»

ከውጭ አንድ ታክሲ ጡሩንባውን እየነፋ አለፈ። አባቴ እስኪያልፍ ጠበቀ።

«በማግስቱ መርፌውን ላወጣ ተነሣሁ። ሰው ሳያየኝ ቶሎ ልጨርስ ብዬ ቅርቤ የነበረውን ቡሊኖ አነሣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ሐሙስ ዕለት የተሳሳተ መስሎኝ የተናደድኩበት ነገር ይህ ነበር። ሊያጸዳው አልነበረም የፈታው። ቁጣዬ ግን አልበረደም፣ ሌላ መልክ ይዞ ተመለሰ።

«እንግዲያው ሥራውን ተወው» አልኩት። «እጅህ ካልታዘዘልህ ለባለቤቱ ልጅ ንገረውና ውጣ። እኔ አለሁ። ቤት አለህ።»

«ቤቱን አውቀዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ግድግዳውን በደንብ ነው የማውቀው።»

ያን ክረምት ረስቶታል ብዬ ነበር የማስበው።

«ሌባ ቢመጣስ?»

«ሌባ ጠመንጃ ሲያይ ይሮጣል።»

«ካልሮጠስ?»

«ያኔ እኔ እሮጣለሁ» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሳቁን አቁሞ «አንቺ ነሽ የምትገጥሚው» አለኝ። «እኔ ልግጠም ብል አልችልም፣ አይተሻል። የፈለግሽውን አድርጊ፣ አልቆጣም።»

መዝጊያውን በአንድ እጄ፣ መርፌውን በሌላው ይዤ ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለስኩ። ክፍሏ ለመመላለስም አትበቃም። ብመልሰው አንድ ቀን ቆሎ ይዞ የመጣ ሰው ይሞታል፣ አባቴም አብሮት ይሞታል። ብተወው ሰርሳሪ ፊት እንጨት ይዞ እንደ ቆመ ሰው ነው። በልጅነቴ ትክክለኛውን መሣሪያ ከያዝሽ ሥራው ራሱ መንገዱን ያሳይሻል ይለኝ ነበር። ትክክለኛው መሣሪያ በእጄ ነበር፣ ያሳየኝ መንገድ ግን አልነበረም። በመጨረሻ ተንበረከክሁ፣ ስፒናዋን ባዶው መዝጊያ ላይ አቆምኩ፣ በናሱ ዘንግ መትቼ አስገባኋት። መርፌውን በመሐረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አባቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፣ ዓይኑንም ጨፈነ።

ሰኞ ጠዋት ሱቅ ከመግባቴ በፊት በዚያ በኩል ሄድኩ። ፖሊሱ ወጣት ነው፣ የባለቤቱ ልጅ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከጎኑ ቆሟል። እኔ ከማዶ ሙዝ የምትሸጥ ሴትዮ ጋር ስለ ዋጋ የምከራከር መስዬ አያለሁ። ፖሊሱ ቁጥሩን አነበበ፣ ፈቃዱን አየ፣ ካዝናውን ነቅሎ ጠመንጃውን ወደ ሰማይ አቅንቶ በአፈሙዙ ብርሃን ተመለከተ። ከዚያ አቀባበለና ምላጩን ሳበ። ቀጭ አለ። ምላጩ ሲሳብ የጠመንጃው የውስጥ መዶሻ መዝጊያውን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ መርፌ ኖረ አልኖረ አንድ ነው። አባቴ ያውቅ ነበር፣ እኔ ግን አልጠየቅኩትም፣ አልነገረኝምም።

«ንጹሕ ነው፣ ጋሼ» አለ ፖሊሱ። «ወጣቶቹ እንደዚህ ቢይዙት።»

የባለቤቱ ልጅ ስልኩን ሳይዘጋ አንገቱን ነቀነቀ። አባቴ ጠመንጃውን ተቀብሎ ማንገቻውን ትከሻው ላይ ጣለ፣ ደረቱን ነፍቶ በሩ ላይ ቆመ። ለዚያ ደረት ነበር የተንከራተትኩት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ደስም ብሎኛል፣ ግን ሙዙን ሳልይዝ ሄድኩና ሴትዮዋ እየጠራች ተከተለችኝ።

ማታ ሱቅ ስንዘጋ እግሬ በራሱ ወደ ጎጃም በረንዳ ወሰደኝ። ተሸካሚው ጋሪውን ግድግዳው ሥር አስጠግቶ ከአባቴ ጋር ይጫወታል። አባቴ ሲስቅ ጠመንጃው ከትከሻው ተንሸራቶ አፈሙዙ ወደ ሰውየው ሆድ ዞረ። ሰውየው አላየውም። እኔ ቦርሳዬን በሁለት እጄ ጨምቄ ያዝኩ፣ መርፌው በቆዳው ውስጥ ይሰማኛል። እዚህ ነው፣ እኔ ጋ ነው እያልኩ ተነፈስኩ። ተሸካሚው ተሰናብቶ ሄደ፣ መንገዱ እየሳሳ መጣ፣ የሱቆቹ በር በየተራ ይዘጋል። በዚያ ትልቅ በር ፊት አባቴ ብቻውን ቀረ። ያኔ ሌላው ግማሽ ታየኝ። ሰው እንዳይገድል ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ሰው ሲመጣበት ምንም እንዳይኖረው ያደረግሁትም እኔው ነኝ።

አየኝ። «ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ሂጂ፣ ይመሽብሻል» አለኝ።

«እሺ አባዬ፣ ደህና እደር» ብዬ ሄድኩ። ጥጉን ዞሬ፣ ከተቆለሉት ጆንያዎች ጀርባ፣ እሱ ከማያየኝ ቦታ ቆምኩ። ሌላ ጠመንጃ የያዘው የማታው ተረኛ እስኪመጣ ድረስ በሩን እያየሁ ጠበቅኩት። በማግስቱም ሄጄ ቆምኩ። አባቴ በዚያ በር ላይ እስከቆመ ድረስ እኔም በጥጉ ቆሜአለሁ፣ እሱም አንድ ቀን እንኳ አላወቀም።